ዳገት ላይ ለጭነት፣ ለሰውና ለመውረጃ የተለያየ ሀዲድ አዘረጋግ፦ ኦፕን ቲቲዲ፣ የኮምቦልቻና ደሴ ማፕ

ሰላም ለሁላችሁም፣ ኦፕን ቲቲዲ እሚባለው ሀዲድ እየዘረጋን ባቡር እምናስኬድበት የኮምፒውተር ጌም ላይ የወሎን ተራራ እየሰራችሁ ባቡራችሁ ዳገት ላይ እሚንፏቀቅባችሁ ልጆች ይሄ ለናንተ ነው። አብዛኛው ሰው ሀዲድ መለየት ሲባል ሁለት ሀዲድ ጎን ለጎን አስጠግቶ መዘርጋት ይመስለዋል፣ አንዱ መሄጃ አንዱ መመለሻ፣ በቃ አለቀ። ሜዳ ላይ እውነት ነው ያልቃል፣ የቆቦን ሜዳ ብትሰሩ ከዛ በላይ ምንም አያስፈልጋችሁም። ዳገት ላይ ግን አይበቃም፣ ምክንያቱም ድንጋይ ከሰል ጠቅጥቆ የጫነ ባቡርና ጥቂት ፉርጎ ሰው የያዘ ባቡር በአንድ ሀዲድ ሲወጡ የሁለቱንም ፍጥነት እሚወስነው ቀርፋፋው ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎ ዳገትን ስትወጡ ከተሳቢ ኋላ የተያዘች ሚኒባስ አስቡ፣ እሷ ቢያንስ ትንሽ ክፍተት ስታገኝ ትቀድማለች፣ ሀዲድ ላይ ግን መቅደም እሚባል ነገር የለም፣ ከኋላ ያለው ሁሉ እስከ ጫፍ ድረስ አብሮ ይንፏቀቃል።

ስለዚ እኔ እምለው እንዲህ ነው፣ ዳገት ካለ ሀዲድ በአቅጣጫ ብቻ አይለይም፣ በጭነትም ይለያል። ጭነት ይዞ ለሚወጣው ረጅምና ለስላሳ መንገድ፣ ሰው ይዞ ለሚወጣው አጭርና ቀጥ ያለ፣ ለሚወርደው ሁሉ ደሞ ሦስተኛ። ሦስቱ ተጠጋግተው መሄድ የለባቸውም፣ እያንዳንዱ ተራራው ላይ የራሱን መንገድ ይፈልግ። ከዚህ በታች ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እሚወጣ መስመር እየሰራን እናየዋለን።

ጌሙ ለሌላችሁ ባጭሩ፣ ኦፕን ቲቲዲ ነፃ ነው፣ በ1994 የወጣውን ትራንስፖርት ታይኩንና የሱን ዴሉክስ መነሻ አድርጎ በ2004 የተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሰራል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ስትከፍቱት የግራፊክሱን ፋይል አውርድ ይላችኋል፣ ስለዚ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንዴ ክፈቱት ከዛ በኋላ ያለ ኔት መጫወት ትችላላችሁ። መብራት ቶሎ ቶሎ እምትጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ደሞ ሴቲንግ ገብታችሁ የአውቶሴቩን ጊዜ አሳጥሩት።

1. ማፑን አዘጋጁ

ሲናሪዮ ኤዲተሩን፣ ማለት የጌሙን ማፕ መሥሪያ፣ ክፈቱ። እዛ ውስጥ መሬት ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ከተማ መትከልና ስሙን በአማርኛ መፃፍ፣ ፋብሪካና ማዕድን ማስቀመጥ ይቻላል። የከፍታ ምስል ያላችሁ ሰዎች ደሞ ጥቁርና ነጭ የሆነ ፒኤንጂ ፋይል ማስገባት ትችላላችሁ፣ ነጩ ከፍታ ጥቁሩ ዝቅታ ሆኖ ይነበባል። በውኑ ኮምቦልቻና ደሴ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እሚራራቁት፣ የከፍታ ልዩነታቸው ግን ወደ 600 ሜትር ይጠጋል፣ ለዚህ ነው ይሄ ቦታ ለልምምድ እሚመረጠው። እኛ በጌሙ ልዩነቱን 8 የከፍታ ደረጃ እናድርገው። ኮምቦልቻ ታች፣ ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራን ከደሴ ጀርባ ከፍ አድርጉት፣ ቦርከናንም በወንዝ መሳያው ዘርጉት፣ ያኔ ድልድይ የት እንደሚያስፈልጋችሁ ይታያችኋል። ኮምቦልቻ አጠገብ የድንጋይ ከሰል ማዕድን፣ ደሴ አጠገብ የኃይል ማመንጫ አስቀምጡ። ይሄ የጌም ነገር ነው፣ ግን ለትምህርት ይመቻል፣ ምክንያቱም ከሰሉ ሞልቶ ይወጣል ባዶውን ይወርዳል፣ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያን ሀዲድ 392 ኪሎ ሜትር በሙሉ ልስራ እምትሉ አላችሁ አውቃለሁ፣ በጣም ደስ ይላል፣ ማፑ እስከ 4096 በ4096 ካሬ ስለሚሄድ ቦታ አታጡም፣ ካሬ እምለው ማፑ የተከፋፈለበትን አንዱን ትንሽ አራት ማዕዘን ነው። ግን መጀመሪያ ይችን አንድ ዳገት ጨርሱ።

2. ሴቲንጉን አስተካክሉ

የሴቲንግ መስኮቱ ላይ መፈለጊያ ሳጥን አለ፣ ቃሉን ስትፅፉ ያመጣላችኋል። አራት ነገር ነው እምትነኩት። አንደኛ ጌሙ ፖዝ ላይ እያለ መገንባት እንዲፈቀድ አድርጉ፣ ጌሙ ሳይነካ እንደመጣ ከሆነ የተከለከለ ነው፣ ለእንዲህ አይነት ረጅም ሥራ ደሞ ጊዜው ቆሞ ቢሆን ነው እሚሻለው። ሁለተኛ ባቡር በ90 ዲግሪ እንዳይታጠፍ ከልክሉ። ሦስተኛ ባቡር የያዘው መንገድ ቀለሙ ተለይቶ እንዲታይ እሚያደርገውን አብሩ፣ በኋላ ባቡር ቆሞ እምቢ ሲል ምክንያቱን እምታዩት በሱ ነው።

አራተኛው የጭነት ክብደት ማባዣ ነው። ሲመጣ 1 ላይ ነው፣ 3 ላይ አድርጉት። ያኔ ጭነቱ እውነተኛ ክብደት ይኖረዋል፣ ዳገቱም ዳገት ይሆናል። ይሄን የማይነኩ ሰዎች "ምን ልዩነት አለው አንድ ሀዲድ ይበቃል" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ እነሱ ጋ ተራራው ስዕል ብቻ ነው።

3. ጣቢያዎቹን ለዩ

የመለየቱ ሥራ ከጣቢያ ነው እሚጀምረው፣ ሀዲዱን ለይታችሁ ጣቢያውን አንድ ካደረጋችሁት መጨናነቁ በር ላይ ይጠብቃችኋል። ማዕድኑ አጠገብ 2 ፕላትፎርም ያለው 5 ካሬ ርዝመት ያለው የከሰል ጣቢያ፣ ኮምቦልቻ ከተማ መሀል ደሞ ለብቻው የሰው ጣቢያ። ደሴም ላይ እንደዛው ሁለት። የባቡር ጣቢያ በዙሪያው 4 ካሬ ድረስ ነው እሚሰበስበው፣ ስለዚ ማዕድኑ እዛ ክልል ውስጥ መግባቱን ሳታዩ እንዳታስቀምጡ። ባቡሩም ከፕላትፎርሙ አይርዘም፣ 5 ካሬ ካላችሁ 5 ካሬ ባቡር፣ አንድ ፉርጎ ግማሽ ካሬ ስለሆነ ሎኮሞቲቩን ጨምሮ 10 ይገባል።

4. የጭነቱን መውጫ መጀመሪያ ዘርጉ

ብዙ ቦታ እሚወስደው እሱ ስለሆነ እሱ ይቅደም። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ጌሙ ባቡሩን ሲጎትት ዳገት ላይ ያለውን የባቡሩን ክፍል ብቻ ነው እሚቆጥረው። ባቡሩ 5 ካሬ ሆኖ ዳገቱ በተከታታይ 5 ካሬ ከሆነ ሙሉ ክብደቱ ባንዴ ዳገት ላይ ነው፣ ሎኮሞቲቩ ይሞታል። ዳገቱ አንድ ካሬ ብቻ ከሆነና ከዛ ቀጥሎ የባቡሩን ያህል ሜዳ ካለ ግን በማንኛውም ሰዓት ዳገት ላይ ያለው ከባቡሩ አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ስለዚ ህጉ አንድ ካሬ ዳገት፣ 5 ካሬ ሜዳ፣ አንድ ካሬ ዳገት፣ 5 ካሬ ሜዳ እያለ ነው እሚሄደው። ለ8 ደረጃ 8 ካሬ ዳገት ያስፈልጋል፣ በመሀላቸው 7 ሜዳ አለ፣ 7 ጊዜ 5 ሲባል 35፣ በጠቅላላ 43 ካሬ ማለት ነው። በቀጥታ ብትወጡ 8 ካሬ ይበቃ ነበር፣ ልዩነቱን እዩት።

43 ካሬ ቀጥታ ቦታ ተራራ ላይ አይገኝም፣ ስለዚ የተራራውን ጥግ ይዛችሁ ተጓዙ። ኪቦርዱ ላይ 'ኤ' ስትነኩ አውቶ ሬል ይመጣል፣ በማውስ ስትጎትቱት ርዝመቱን በካሬ ይነግራችኋል፣ 5 ጎትቱ፣ አንድ ዳገት ውጡ፣ ደግሞ 5። በጎን ያዘነበለ መሬት ላይ ሀዲድ ስታስቀምጡ ጌሙ ራሱ መሠረት ይሠራለታል ሀዲዱ ግን ሜዳ ሆኖ ይቀጥላል፣ ትንሽ ገንዘብ ይወስዳል እንጂ ችግር የለውም። መሬቱ ጨርሶ እምቢ ያለበት ቦታ ላይ በመደልደያው አስተካክሉ። ዳገት ላይ ኩርባ አይሰራም፣ መታጠፍ እምትችሉት ሜዳው ክፍል ላይ ብቻ ነው፣ እሱን ቀድማችሁ አስቡበት። ኩርባውንም ሰፋ አድርጉት፣ የመጀመሪያው እንፋሎት ባቡር በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚሮጥ ዛሬ ላይሰማው ይችላል፣ በኋላ ፈጣን ሎኮሞቲቭ ስታመጡ ግን ጠባቧ ኩርባ ትይዛችኋለች፣ ያኔ ተራራ ላይ ያለ ሀዲድ መቀየር ብዙ ሥራ ነው።

አንዳንዱ ሰው "መንገዱ ከረዘመ ክፍያው ይጨምራል" ይላል፣ አይጨምርም። ጌሙ እሚከፍለው በሁለቱ ጣቢያ መካከል ባለው ርቀት ነው፣ ሀዲዱ ምን ያህል እንደዞረ አይቆጥርም፣ የረዘመው መንገድ እሚወስድባችሁ ጊዜ ነው። ድንጋይ ከሰል ግን ቢዘገይም ክፍያው ብዙ አይወርድም፣ ቻይ ጭነት ነው። ሰው ነው ቶሎ እሚከስረው። ይሄ ነው እንግዲህ ለከሰል ረጅሙን ለሰው አጭሩን እንድንሰጥ ያደረገን፣ በዘፈቀደ አይደለም።

5. የሰው መውጫና የሁሉም መውረጃ

እነዚህ ቀላል ናቸው። የሰው ባቡር ቀላል ስለሆነ ዳገቱን በሁለት በሁለት ካሬ አከታትላችሁ መውጣት ትችላላችሁ፣ ፉርጎ አታብዙበት እንጂ ይወጣል። የማባዣው ክብደት እሚሰራው ጭነት ላይ ስለሆነ ሰውን አይነካውም። መውረጃው ደሞ ከዛም አጭር ይሁን፣ ቁልቁለት ባቡርን ያፈጥናል እንጂ አይጎዳውም፣ ባዶ ከሰል ባቡርም የሰው ባቡርም በአንድ መውረጃ ይበቃቸዋል።

መስመሮቹ የሆነ ቦታ ላይ መሻገራቸው አይቀርም። ሀዲድ በሀዲድ ላይ መሬት ለመሬት እንዳታቋርጡ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይቆማል፣ ዳገት ላይ የቆመ ከባድ ባቡር ደሞ ለመነሳት ዘመን ይፈጅበታል። ድልድይ አድርጉ፣ በላይ እሚያልፈው ግን የሰው መስመር ይሁን፣ ድልድይ መውጫው ላይ አንድ ዳገት ስለሚጨምር ያን ለከሰሉ አትጨምሩበት። የእንጨት ድልድይ ርካሽ ነው ግን ቀርፋፋ ነው፣ ስትመርጡ ዝርዝሩ ላይ ፍጥነቱ ተፅፏል እሱን አንብቡ።

ተራራውን ቀዶ በዋሻ ማለፍም አለ። ዋሻ በቀጥታ ብቻ ነው እሚሄደው፣ ሲረዝም ዋጋው በጣም ይወጣል፣ ከሁሉ በላይ ግን ውስጡ ሲግናል (ባቡር እሚያስቆምና እሚያሳልፍ መብራት) አይተከልም፣ ድልድይም ላይ እንደዛው። ማለት ረጅም ዋሻ ውስጥ አንድ ባቡር ገብቶ እስኪወጣ ሁለተኛው በር ላይ ይጠብቃል። ረጅም ዋሻ ግድ ከሆነባችሁ ሁለት ዋሻ ጎን ለጎን ቆፍሩና መስመሩን በር ላይ ክፈሉት። ባይሆን ተራራውን መዞር ይሻላል ባይ ነኝ።

ሥራው መሀል ከተማው "አልፈቅድም" ካላችሁ ብዙውን ጊዜ ዛፍ ስለቆረጣችሁ ነው። በከተማው ዙሪያ ዛፍ ትከሉ፣ ስማችሁ ይስተካከላል፣ አብሽሩ።

6. ሲግናል

የሀዲድ መስኮቱ ተከፍቶ እያለ 'ኤስ' ንኩ። ካሉት ዓይነቶች ባለ አንድ አቅጣጫውን ፓዝ ሲግናል፣ ማለት ባቡሩ ከፊቱ ያለውን መንገድ ለራሱ ሲይዝ እሚያሳልፈውን፣ ምረጡ፣ ለሦስቱም መስመር እሱ ነው። ከጀርባው ባቡር አያሳልፍም፣ ስለዚ ወደላይ እሚሄደው መስመር ላይ ማንም ወደታች አይመጣባችሁም። አቅጣጫው ከተገለበጠ በላዩ ላይ ደግማችሁ ክሊክ አድርጉ ይዞራል።

የት ይተከል ለሚለው፣ የከሰሉ መውጫ ላይ ሲግናሉ ሁሌም ከዳገቷ በፊት ባለችው የመጨረሻዋ ሜዳ ካሬ ላይ ይሁን። ባቡሩ ቀይ ሲበራበት እሚቆመው አብዛኛው አካሉ ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ነው ማለት ነው፣ ሲለቀቅ ከሜዳ ይነሳል። ዳገቱ መሀል ላይ ከቆመ ግን እንደገና ፍጥነት እስኪይዝ ከኋላው ያለው ሁሉ ይደረደራል። 5 ሜዳና 1 ዳገት 6 ስለሆነ የሲግናል መስኮቱ ላይ ያለውን ክፍተት 6 ላይ አድርጉና የመጀመሪያውን ተክላችሁ ጎትቱ፣ የቀሩት በየቦታቸው ይወድቃሉ። ኮንትሮልን ይዛችሁ ከጎተታችሁ እስከሚቀጥለው መገናኛ ድረስ ራሱ ይሞላዋል። ኩርባ ላይ ልኩ ሊዛነፍ ይችላል፣ እዛ በእጃችሁ አስተካክሉት። በሰው መስመርና በመውረጃው ላይ እንዲህ መጨነቅ አያስፈልግም፣ በ4 ካሬ ልዩነት ሙሉት።

መገናኛ ላይ ያለው ህግ አንድ ነው፣ ሲግናል ባቡር ሊቆምበት እሚችል ቦታ ላይ ብቻ ይተከላል። ከመገናኛው በፊት ይኖራል፣ ከመገናኛው በኋላ ግን እሚቀጥለው ሲግናል ሙሉ ባቡር እሚበቃ ቦታ ትቶ ነው፣ አለበለዚያ ጭራው መገናኛው ላይ ቀርቶ ሁሉንም ይዘጋል። ደሴ ላይ የከሰሉና የሰው ጣቢያ መውጫዎች ወደ አንድ መውረጃ እሚገቡበትን ቦታ እንደዚህ አድርጉት፣ ከመቀላቀላቸው በፊት ለየራሳቸው አንድ አንድ ሲግናል፣ ከተቀላቀሉ በኋላ 5 ካሬ ባዶ። ጣቢያው ገብቶ ተመልሶ እሚወጣበት ዓይነት ከሆነ በየፕላትፎርሙ አፍ ላይ ወደ ፕላትፎርሙ የዞረ ተራ ፓዝ ሲግናል፣ ማለት ባለሁለት አቅጣጫውን፣ ትከሉ፣ ባቡሩ ከጀርባው ገብቶ በፊቱ ይወጣል። መግቢያው ላይ ግን ከመሻገሪያው በፊት ባለ አንድ አቅጣጫው ይሁን።

7. ዲፖና ትዕዛዝ

ዳገት ላይ የተበላሸ ባቡር ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል፣ ስለዚ ጥገናው ከዳገቱ በፊት ይሁን። ከከሰል ጣቢያው እንደወጣ ሜዳው ላይ ዲፖ (ባቡር እሚገዛበትና እሚጠገንበት ቤት) አስቀምጡና በትዕዛዙ ዝርዝር ውስጥ "ካስፈለገ ብቻ ጥገና" እሚለውን ጨምሩበት። ሲመጣ ጌሙ በየ150 ቀኑ ነው ጥገና እሚፈልገው። ለሰው መስመርም የራሱ ዲፖ፣ አንድ ዲፖ ለሁለቱም ብላችሁ መውጫዎቹን እንዳታገናኙ፣ ምክንያቱም ባቡሩ ርካሽ ነው ብሎ ያሰበውን መንገድ ነው እሚመርጠው፣ ከባዱ ባቡር አጭሩን ዳገት ካገኘ ሰተት ብሎ ይገባበታል፣ እስካሁን የለፋችሁበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። የግድ መገናኘት ካለባቸው የከሰሉ መስመር ላይ ዌይ ፖይንት (ባቡር ሳይቆም እንዲያልፍበት እሚታዘዝ ነጥብ) ትከሉና ትዕዛዙ ውስጥ በሱ በኩል እንዲያልፍ አስገቡት።

የከሰሉ ባቡር ትዕዛዝ ማዕድኑ ጋ ሙሉ ጭነት መጠበቅ፣ ዲፖ፣ ዌይ ፖይንት ካለ እሱ፣ ኃይል ማመንጫ። የሰው ባቡር ሙሉ ጭነት እንዳይጠብቅ፣ መጥቶ ያለውን ይዞ ይሂድ።

8. ከደሴ በኋላስ?

ሁሉንም መስመር ሦስት ማድረግ የለባችሁም። በውኑም እንደዛ አይደለም፣ የአዲስ አበባ ጅቡቲው ሀዲድ ጥንድ የሆነው ከሰበታ እስከ አዳማ 115 ኪሎ ሜትር ያህሉ ነው፣ ከዛ በኋላ ነጠላ ሆኖ ባቡሮቹ መተላለፊያ ላይ እየተጠባበቁ ነው እሚያልፉት። እናንተም ዳገቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ሐይቅና ወደ ውጫሌ እሚሄደውን ነጠላ አድርጉት፣ በየተወሰነ ቦታ የባቡሩን ርዝመት እሚበቃ መተላለፊያ ክፈቱ፣ በመተላለፊያው በሁለቱም ጎን መውጫው ጫፍ ላይ ብቻ ባለ አንድ አቅጣጫ ፓዝ ሲግናል። ገንዘቡን ዳገቱ ላይ አውሉት።

9. ሞክሩት

ፖዙን ሳታነሱ አንድ የከሰል ባቡርና አንድ የሰው ባቡር ብቻ ግዙ፣ ከዛ ልቀቁና እያንዳንዱን እስከ ደሴ ተከተሉት። የከሰሉ መስኮት ላይ ፍጥነቱን እዩ፣ ዳገቷ ላይ ትንሽ ወርዶ ሜዳው ላይ ከተመለሰ ልክ ነው። እየወረደ ብቻ ከሄደ ሁለት ነው ምክንያቱ፣ ወይ ሜዳው የሆነ ቦታ ከ5 አንሷል ወይ ሎኮሞቲቩ አቅም የለውም፣ ሜዳውን ቆጥራችሁ ትክክል ከሆነ ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ቀጥሉበትና አንድ ፉርጎ ቀንሱ፣ አለበለዚያ ከ5 ካሬ ያልፋል። ባቡሩ ጠፋ እሚል መልዕክት ከመጣ ሀዲዱ የሆነ ቦታ ላይ አልተገናኘም ወይ ሲግናል ተገልብጧል፣ ብዙውን ጊዜ ሲግናሉ ነው። ቆሞ ዝም ካለ ደሞ ከፊቱ በቀለም የተያዘው ሀዲድ የማን እንደሆነ ተከትላችሁ እዩ፣ የያዘበትን ባቡር ታገኙታላችሁ።

ሁለቱም ደርሰው ከተመለሱ በኋላ የከሰል ባቡር አንድ አንድ እያላችሁ ጨምሩ። ማዕድኑ ጋ ሁለቱም ፕላትፎርም ተይዞ ሦስተኛው ውጭ መጠበቅ ሲጀምር መስመሩ ገና ባዶ ቦታ ይኖረዋል፣ ያኔ ሀዲድ አትጨምሩ ፕላትፎርም ነው እምትጨምሩት።